ቃለ ጉባኤውን ማን ያዘ?

በቡድኔ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጠረጴዛዬ ላይ ስታኖር የደመወዝ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። የተሻለ ክፍያ አግኝታ ከሆነ እስከቻልኩት ድረስ ልከራከርላት በልቤ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ከቦርሳዋ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ገለጠችና እንዲህ አለችኝ፤ «በሁለት ዓመት ውስጥ 19 ጊዜ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። አራት ሥልጠና አስተባብሬያለሁ። አዲስ የተቀጠሩትን በሙሉ ያለማመድኩት እኔ ነኝ። አንድ ትልቅ ሥራ እንድመራ ግን አንድም ቀን አልተጠየቅሁም። እርስዎ ሴት ስለሆኑ ያዩታል ብዬ ነበር።»

የምመራው ቡድን 12 የሶፍትዌርና የሰርቨር ባለሙያዎች ነበሩት። ዘጠኙ ወንዶች፣ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። እኔ ራሴ ወደ ኃላፊነት የመጣሁት ለዓመታት በስብሰባ ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ሆኜ ተቀምጬ፣ የተናገርኩት እየታለፈ፣ የሠራሁት በሌላ ሰው ስም እየተጠራ ነው። ስለዚህ እኔ በምመራው ቡድን ውስጥ አድልዎ ቦታ እንደማይኖረው እርግጠኛ ነበርኩ። እርግጠኛ ስለነበርኩም አላየሁም። ይህን የምጽፈው ቡድን ለሚመሩ ሰዎች ነው፤ ከወንዶቹ ይልቅ ደግሞ እንደ እኔ «ሴት ስለሆንኩ ይህ በእኔ ዘንድ አይደርስም» ለሚሉ ሴት ኃላፊዎች።

ያን ቀን ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ የሁለት ዓመቱን የስብሰባ ማኅደር ከፍቼ መቁጠር ጀመርኩ። 48 ቃለ ጉባኤዎች አሉ። 39ኙን የያዙት ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ዘጠኙ ወንዶች ተደምረው የያዙት ዘጠኝ ነው። ቀጥዬ በቡድናችን ውስጥ ትልቅ ሥራ የምንላቸውን ዘረዘርኩ፤ የውሂብ ጎታ (መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት ቋት) ሽግግር፣ የመጠባበቂያ ሥርዓት (የመረጃው ቅጂ የሚያዝበት) ግንባታ፣ የክፍያ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መጻፍ የመሳሰሉትን። ሰባት ሆኑ። ሰባቱንም የመሩት ወንዶች ናቸው፤ መሪዎቹን የመደብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ክፉ አስቤ የወሰንኩት አንድም የለም። ለእያንዳንዱ ምደባ «እሱ ከዚህ በፊት ሠርቶታል» የሚል ምክንያት ነበረኝ። ከዚህ በፊት እንዲሠራው ዕድሉን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ከእኔ ብዙ ቀድማ የቆጠረች፣ ይልቁንም የለካች ሴት አለች። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የነበረችው ናንሲ ሆፕኪንስ ለምርምሯ የምትጠቀምባቸውን ዓሦች የምታኖርበት ተጨማሪ ቦታ ጠይቃ ተከለከለች። ከወንድ ባልደረቦቿ ያነሰ ቦታ እንዳላት ስትናገር የሚያምናት ስላጣች፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ሜትር ይዛ የሕንፃውን ቤተ ሙከራዎች አንድ በአንድ ለካች። ልክ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌሎች የሳይንስ ፋኩልቲው ሴት ፕሮፌሰሮች አብረዋት ቆሙ፤ በ1999 የወጣው ሪፖርት በደመወዝ፣ በቦታና በምርምር ገንዘብ ረገድ የነበረውን መበላለጥ ይፋ አደረገው፤ የተቋሙ ፕሬዚዳንትም አመነ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። እነዚያ ፕሮፌሰሮች ተለያይተው በየቢሯቸው በተቀመጡበት ዘመን እያንዳንዷ ችግሩ የራሷ ብቻ ይመስላት ነበር። የእኔም ሦስት ባልደረቦች እንደዚያው ነበሩ። አንዷ ስንት ቃለ ጉባኤ እንደያዘች ሌላዋ አታውቅም።

ቃለ ጉባኤ ላይ ለምን ይህን ያህል ትቆሚያለሽ የሚል ይኖራል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አይከራከርም፤ ሌላው የሚለውን ለመጻፍ አጎንብሶ ይውላል። ስብሰባ ሲያበቃ ሌላው የኮድ ሥራው ላይ ሲቀመጥ እሱ ጽሑፉን ያጠራል። የዓመቱ ግምገማ ሲደርስ ደግሞ ማንም አያነሳለትም። የልደት ኬክ ማዘዝ፣ እንግዳ መቀበል፣ አዲስ ሰው ማለማመድ፣ የተጣሉትን ማስታረቅ፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ያለ እነሱ ቡድን አይቆምም፤ በእነሱ ግን ማንም ደረጃ አያድግም።

እኔ ስብሰባ ስከፍት «ዛሬ ቃለ ጉባኤ ማን ይይዝልናል?» እል ነበር። ከዚያ የምትከተለውን ዝምታ ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። አንዱ ስልኩን ይመለከታል፣ አንዱ ብዕሩን ያገላብጣል፣ አንዱ ውሃ ይቀዳል። ከአምስት ሰከንድ አትበልጥም፤ ግን ዝምታው ከሁሉ በፊት የከበደው ሰው እጁን ያወጣል። በእኛ ክፍል ቀድማ እጇን የምታወጣው ከሦስቱ አንዷ ነበረች። ማንም ካልወጣ ደግሞ ዓይኔ ወዴት ይሄድ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ሊንዳ ባብኮክና ሦስት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ይህችን ዝምታ በሙከራ አሳይተዋታል። ሦስት ሦስት ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ይቀመጣሉ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሦስቱ አንዱ አዝራር ካልተጫነ ሁሉም ይጎዳሉ፤ የሚጫነው ሰው ግን ከሌሎቹ ያነሰ ገንዘብ ያገኛል። ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ቡድን ሴቶቹ ከወንዶቹ በ50 በመቶ ያህል አብልጠው ተጫኑ። ወንዶች ብቻቸውን በሆኑበት ቡድን ግን ወንዶቹ ያለ ችግር ይጫናሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የሴት ተፈጥሮ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሴቷን ራሷን ጨምሮ፣ ከማን ምን እንደሚጠብቅ ነው። አንድ ሰው ፈቃደኛ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሲሰጠው ደግሞ ጠያቂው ወንድም ሆነ ሴት ሴቶችን በ44 በመቶ አብልጦ ይጠይቃል። ይህን ሳነብ ስሜ የተጻፈ ያህል ተሰማኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፈቃደኛ መጠየቅ ማቆም። በስም ፊደል ተራ ዝርዝር አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ ስሜንም አስገባሁበት። በመጀመሪያው ወር የቀረቡልኝ ቃለ ጉባኤዎች ደካማ ነበሩ። አንዱ ባልደረባችን «የእኔ ጽሑፍ ለሰው አይሆንም፤ እነሱ ይችሉበታል» ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። ጽሑፉን መለስኩለትና እንዲያስተካክለው አደረግሁ። እነሱም ሲወለዱ አይችሉበትም ነበር። እዚህ ላይ ኃላፊዎች ሁሉ አደራ የምላችሁ፣ ሰው አበላሽቶ ከሥራው እንዲያመልጥ አትፍቀዱ። አንድ ጊዜ «እሷ ትሻላለች» ብላችሁ ከመለሳችሁላት ዝርዝሩ ያኔውኑ ሞተ።

ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ትንሹን ሥራ ማካፈል ትልቁን አያካፍልም።

ትልቁ ሥራ በእኛ ሙያ የሚገኘው በአብዛኛው በሌሊት ነው። ሥርዓት ሲወድቅ የተጠራ ሰው የሥርዓቱን ሆድ ዕቃ ያውቃል፤ ያወቀ ሰው በማግሥቱ ማሻሻያውን ይነድፋል፤ የነደፈ ሰው ይመራዋል። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ትንሽ ልጅ ነበራት። የሌሊት ተረኞችን ስመድብ በአዘኔታ አልፋት ነበር። ልጇን ታሳድግ፣ እንቅልፏን አልንሳት ብዬ። ከቆጠራው በኋላ ጠርቼ ለምን ተረኛ ልግባ ብላ እንዳልጠየቀችኝ ስጠይቃት፣ «እርስዎስ መቼ ጠየቁኝ? በአቅሜ አላመኑም ብዬ ነበር» አለችኝ። አዘኔታዬ እሷ ዘንድ የደረሰው ንቀት ሆኖ ነው። ቤቷን እንዴት እንደምታደራጅ የወሰንኩላት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ከባለቤቷ ጋር ተነጋግራ መወሰን የምትችለውን ነገር።

ተረኛ ከገባች በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ዋናው የውሂብ ጎታ መጻፍ አቆመ። አምስታችን በስልክ ተገናኘን። ነባሩ ባልደረባችን «ሰርቨሩን አጥፍተን እናስነሳው» አለ፤ ብዙ ጊዜ የምናደርገውም ይህንኑ ነበር። እሷ ድምፅዋን ሳትጨምር «አይነካ፤ መጀመሪያ ዲስኩን ልየው» አለች። ለአፍታ ዝም ተባለ። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሳምንቱ መጠባበቂያ ቅጂዎች መካከል መሰረዝ የነበረባቸው ሳይሰረዙ ተከማችተዋል። የውሂብ ጎታው በጽሕፈት መሃል እንደቆመ ብናስነሳው፣ ራሱን ለመጠገን የሚያስፈልገውን ቦታ አጥቶ ዳግም ሊወድቅ ይችል እንደነበር እየሠራች አስረዳችን። የቆዩትን ቅጂዎች ወደ ሌላ ማከማቻ አዛወረች፣ የጽሕፈት መዝገቡን ፈተሸች፣ ከዚያ ለቀቀችው። በመሃል በስልኩ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎ ደግሞ የሚያባብለው የአባቱ ድምፅ። በ35 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። የመጠባበቂያ ሥርዓቱን ማሻሻያ የመራችው እሷ ናት።

ሌሊት ጭራሽ መሥራት የማይችሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሴትም ወንድም። ለእነሱ የቀን ተረኝነት አለ፣ ትልቅ ሥራ ወደ እነሱ የሚደርስበት ሌላ መንገድም ይገኛል። ዋናው ነገር መጠየቅ ነው። ያልጠየቃችሁትን ሰው «አይመቸውም» አትበሉ።

ቅጥር ላይ ስንደርስ ደግሞ የራሴን ዓይን ማመን አቆምኩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። 127 የሳይንስ መምህራን ለቤተ ሙከራ ኃላፊነት የቀረበ አንድ ማመልከቻ እንዲገመግሙ ተደረገ። ማመልከቻው ቃል በቃል አንድ ነው፤ ለግማሾቹ ጆን፣ ለግማሾቹ ጄኒፈር በሚል ስም ደረሳቸው። ጆን የበለጠ ብቁ ተባለ። የታሰበለት የዓመት ደመወዝ በአማካይ 30,238 ዶላር ሲሆን የጄኒፈር 26,508 ነበር። ሴት መምህራንም ልክ እንደ ወንዶቹ ነው የፈረዱት። ከዚህ ጋር የሚሄድ ደስ የሚል ታሪክም አለ። የሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕን የመጠቀሚያ ጊዜ የሚያከፋፍሉት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 የአመልካቾቹን ማንነት ከገምጋሚዎች ሲሸሽጉ፣ ለዓመታት ከወንዶቹ ያነሰ የነበረው ሴቶች የመሯቸው ማመልከቻዎች ተቀባይነት በዚያ ዙር በልጦ ተገኘ።

እኛም ስምና ፎቶግራፍ መሸፈን ጀመርን። በአማርኛ ግን ይህ ብቻ እንደማይበቃ ቶሎ ገባን፤ ግሡ ራሱ ያሳብቃል። የድጋፍ ደብዳቤው «ነድፋለች፣ መርታለች» ካለ ስሙን መሰረዝ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልንን ሰዎች በአክብሮት ቃል እንዲጽፉ እንጠይቃለን፤ «ነድፈዋል፣ መርተዋል» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ቋንቋችን የሰጠን መሸሸጊያ ነው፤ ተጠቀሙበት። በቃለ መጠይቅ ላይ መሸሸግ ስለማይቻል ጥያቄዎቹን አስቀድመን እንጽፋለን፣ ለሁሉም ያንኑ እንጠይቃለን፣ ሦስቱም ጠያቂዎች ነጥባቸውን እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ያሰፍራሉ። መጀመሪያ የሚናገረው ትልቁ ኃላፊ ከሆነ የቀሩት ሁለት ሰዎች ትርፍ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝ የራሴ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ነው። የድሮ ቅጾቼን አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ስለ አንድ ወንድ ባልደረባ «የመጠባበቂያ ሥርዓቱን ነድፎ የማገገሚያ ጊዜውን ከስድስት ሰዓት ወደ 50 ደቂቃ አውርዷል» ብዬ ጽፌያለሁ። መልቀቂያ ስላስገባችው ልጅ ደግሞ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለቡድኑ መግባባት ትልቅ አስተዋጽኦ ያላት።» ለማሞገስ ነበር የጻፍኩት፤ ከልቤም ነበር። ግን የእድገት ኮሚቴ «ሰው አክባሪ» የሚለውን ይዞ ምን ይወስናል? በዚያው ዓመት የፍተሻ ሥራውን በራሱ እንዲሄድ አድርጋ፣ አንድ ፕሮግራም ከመለቀቁ በፊት የሚፈጅብንን ሦስት ቀን ወደ ግማሽ ቀን አሳጥራ ነበር። አውቀው ነበር። አልጻፍኩትም። አሁን ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነው፤ በግምገማ ውስጥ የምጽፈው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የተሠራ ሥራና ያመጣው ለውጥ ከሌለበት አጠፋዋለሁ። የጠባይ ቃል ካስፈለገኝ ደግሞ ለወንድ ቢሆን እጽፈው ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተን አድገናል። በስብሰባ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዷ ሐሳብ ታቀርባለች፣ ያልፋል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንዱ ያንኑ ሲደግመው «ጥሩ ሐሳብ!» ይባላል። በባራክ ኦባማ ጊዜ በዋይት ሐውስ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ለዚህ የነበራቸው ዘዴ፣ አንዷ የተናገረችውን ሌላዋ ስሟን ጠርታ መድገም ነበር። እኔ ግን ይህን ሸክም ለሴቶቹ አልተውም፤ የሰብሳቢው ሥራ ነው። «ይህን ቅድም እሷ አንስታዋለች፤ እስኪ ሐሳብሽን ጨርሺልን» ማለት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

ሁሉም በእልልታ አልተቀበለውም። ሰባቱን ትልልቅ ሥራዎች ከመሩት አንዱ ቢሮዬ መጥቶ «ከእንግዲህ በጾታ ነው የምንመዘነው?» አለኝ። መቆጣቱ ገባኝ፤ በላቡ የሠራውን ያጣጣልኩበት መስሎታል። የቆጠርኩትን ያሰፈርኩበትን ሰንጠረዥ ከፍቼ አሳየሁትና ብቻውን እንዲያየው ተውኩት። ረዥም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ጣቱን አንድ የወንድ ስም ላይ አድርጎ «እሱስ?» አለ። ለካስ ዝምተኛ የሆነ አንድ ወንድ ባልደረባችንም በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሥራ መርቶ አያውቅም። እኔ ሴቶቹን ስቆጥር አልፌዋለሁ፤ የተቆጣው ሰው አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንጠረዡን በየሦስት ወሩ የምናየው አብረን ነው።

ስለ ወሊድ ፈቃድ አንድ ነገር ልበል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ፣ ጡት ለማጥባት የሚሆን ዕረፍት፣ እንዲሁም ወደ ነበረችበት ወይም ወደ ተመጣጣኝ ሥራ በዚያው ክፍያ የመመለስ መብት ያስቀምጣል። በወረቀት ላይ ብዙ መሥሪያ ቤት ይህን ያከብራል። የሚጠፋው ግን ፕሮጀክቱ ነው። «እስክትመለስ» ተብሎ ለሌላ የተሰጠ ሥራ አይመለስም። ስለዚህ ከመውጣቷ በፊት ስትመለስ የምትይዘውን ሥራ ሁለታችን ጽፈን እንፈራረማለን፤ ተቀባዩም ግልባጩን ይይዛል።

ቁሳቁስንም አትናቁ። በሰርቨር ክፍላችን የነበረው የመከላከያ ጫማ ትንሹ 42 ቁጥር ነበር፤ ሴቶቹ ከባድ ዕቃ ወደሚነሳበት ሥራ የማይገቡት በፍርሃት ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ሁለት ሴቶች ብቻ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወደ ውጭ ወጥተው የሚሠሩበት የመጀመሪያው ጉዞ ታቅዶ፣ ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ቁጥር የጠፈር ልብስ ሁለት ተዘጋጅቶ ስላልተገኘ የሠራተኞቹ ምድብ ተቀይሮ ነበር። እስከ ጥቅምት መጠበቅ ግድ ሆነ። እኛ ጫማውን በአንድ የግዢ ጥያቄ ፈታነው።

መጀመር ለምትፈልጉ፣ ትልቅ ዕቅድ አትጠብቁ። ያለፉትን ስድስት ወራት የስብሰባ ማኅደር ክፈቱና አራት ነገር ቁጠሩ፤ ቃለ ጉባኤ ማን ያዘ፣ ትልቁን ሥራ ማን መራ፣ ሌሊት ማን ተጠራ፣ ለበላይ አካል ማን አቀረበ። ቁጥሩን ብቻችሁን አትያዙት፤ ለቡድናችሁ አሳዩ። እኔ ስቆጥር እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ያሳየሁበት ቀን ግን ከሁሉ የከበደው ነበር። ሦስቱ ሴቶች አንዳቸውም አልተገረሙም።

ያቺ ልጅ ሐሳቧን አልቀየረችም፤ ሄደች። እንድትቆይ ለመንኳት፣ ትክክለኛ መልስ ሰጠችኝ፤ «ሁለት ዓመት ጠብቄዎታለሁ።» ከሄደች ከአንድ ዓመት በኋላ የቆጠርኩትን፣ የጻፍኩላትን ግምገማና የለወጥነውን ሁሉ ዘርዝሬ ደብዳቤ ላክሁላት። ይቅርታም ጠየቅኋት። ከጥቂት ቀናት በኋላ መለሰችልኝ። አሁን አራት ሰዎች ያሉበት ቡድን ትመራለች። ሰንጠረዡን እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ በዚያው ዕለት ላክሁላት።